ከቃና ዘገሊላ እስከ ፋሲካ፦ የአሜሪካ እርዳታ የቆመባቸው 90 ቀናት ከሰሜን ሸዋ ሲታዩ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቃና ዘገሊላ ነው። የሚካኤል ታቦት በእልልታና በሆታ ገብቷል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከሽኝቱ መልስ አንድ ግሮሰሪ ቁጭ ብለናል፤ የመንገዱን አቧራ እንኳ ገና አላራገፍንም። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ቴሌቪዥኑ ላይ ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ይታያል። ድምፁ ተዘግቷል። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ጭፈራ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ይሄ ሰውዬ ተመልሶ መጣ ማለት ነው?» አለ። ሌላው «ቢመጣ ባይመጣ ለኛ ምናችን ነው» ብሎ ብርጭቆውን አነሳ።

ያን ሌሊት እኛ ስንተኛ ትራምፕ ብዙ ወረቀት ፈረመ። ከወረቀቶቹ አንዷ አሜሪካ ለሌሎች አገሮች የምትሰጠው የልማት እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም የምትል ነበረች። በእነዚያ ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም ከአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ጋር ይሄዳል ወይስ አይሄድም ተብሎ ይመረመራል። ከጥር 12 ተነስታችሁ 90 ቀን ብትቆጥሩ ሚያዝያ 12 ላይ ትደርሳላችሁ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ነው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ሥራ ፈትቼ ካላንደር ላይ ስቆጥር።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተብሏል። ግማሹ «ልመና ይብቃን፣ እንኳን ቆመ» ይላል፤ ግማሹ «ሕዝብ ሊያልቅ ነው» ይላል። እኔ ያየሁት ከሁለቱም ትንሽ ለየት ይላል። ስንዴው እየተንገዳገደም ቢሆን የሚመለስበት በር ተከፍቶለት ነበር። መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ ነበር። የጠፋው በመኪና የማይጫነው ነገር ነው። ያ የማይጫን ነገር ምን እንደሆነ ለማሳየት ከራሴ ወንበር ልጀምር።

ከጣርማበር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደሴ ስትወርዱ አገሩ ይቀየራል። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርባችሁ የተነሳችሁ ሰዎች ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሹራብ አውልቃችሁ ውሃ ትገዛላችሁ። ታች ማሾ አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ ወባም አለ። ለአጨዳና ለለቀማ ከደጋው የሚወርድ የቀን ሠራተኛ አለ። ሌሊት የሚያድር ከባድ መኪና አለ። መኪና የሚያድርበት ከተማ ሁሉ ኤች አይ ቪን ከሌላው ቀድሞ ያውቀዋል፤ ይህ የማንንም ስም ማጥፋት አይደለም፣ መንገዱ የሚያመጣው ነገር ነው። እኔ በዚህ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ከተማ፣ በአንድ የጤና ተቋም የኤአርቲ፣ ማለትም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት፣ ክፍል ውስጥ ዳታ ክለርክ ነበርኩ። የተቋሙን ስም አልጠራም። እዚያ ካሉት ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ስማርት ኬር ከሚባለው ሲስተም ውስጥ ቀጠሮ ያለፈባቸውን ሰዎች ዝርዝር አወጣለሁ። መብራት ከሌለ ከመዝገቡ ላይ በእስክሪብቶ እቀዳለሁ። ከዚያ ዝርዝሩን ለእትዬ እሰጣለሁ። እትዬ የምንላቸው ሴት ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር ብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው፤ ሥራቸው የጠፉትን መፈለግ ነው። ወረቀት ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ የሥራ መጠሪያ አላቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን «እትዬ ጋ ሂድ» ነው የሚባለው።

እትዬ ሲደውሉ ማየት አለባችሁ። መጀመሪያ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ በጣታቸው ይዘው አንድ በአንድ ይጫናሉ። አብዛኛው ታካሚ ቤቱ ውስጥ አልተናገረም። ስልኩን ማን እንደሚያነሳ አይታወቅም። ስለዚህ «ሄሎ፣ እኔ ነኝ እኅትህ። ያቺ ያልኩህ ዕቃ መጥታለች፤ ለቅዳሜ ገበያ ብቅ በል» ይላሉ። ሚስት ካነሳች «ከሰፈር ነው፣ ስለ ዕቁብ ነው» ይላሉ። ደብረ ብርሃን እየኖረ እኛ ጋ ወርዶ መድኃኒት የሚወስድ አለ፤ ከኛ ከተማ ሆኖ ደሴ የሚሄድም አለ። የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው። ይህን ሁሉ፣ ማን የት እንደሚያድር፣ ማን በየትኛው ስልክ እንደማይደወልለት፣ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። እትዬ ናቸው የሚያውቁት። የስልክ ካርዱን እንኳ አንዳንዴ ከኪሳቸው ይሞላሉ።

የሁለታችንም ደመወዝ የሚመጣው ከአሜሪካ ገንዘብ ነበር። በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት።

ፔፕፋር የሚባለው የአሜሪካ የኤች አይ ቪ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 በጆርጅ ቡሽ ጊዜ ሲጀመር ለ5 ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ትኩረት ከተሰጣቸው አገሮች አንዷ ናት። የኔ ወንበርና የእትዬ ስልክ የዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ የተያዘ ቅድሚያ ውጤቶች ናቸው ማለት ነው። የሸዋ ገበሬ ወይም የወረዳው ምክር ቤት ቁጭ ብሎ «ዳታ ክለርክ ያስፈልገናል» ብሎ አልጠየቀም። ቢጠየቅ ኖሮ ምናልባት ድልድይ ይል ነበር። እናም ሥራው ጥሩ ነበር፤ ብዙ ሰው አድኗል። ሁለቱም እውነት ነው።

ጥር 16 ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥራ አቁሙ የሚለው ትእዛዝ ወጣ። እኛም ዘንድ በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር በሲዲሲና በዩኤስኤድ፣ ማለትም በአሜሪካ የበሽታ መከላከያና የእርዳታ መሥሪያ ቤቶች፣ ገንዘብ የተቀጠሩ ሠራተኞች ኮንትራት እንዲቋረጥ ለክልሎች ጻፈ። በአገር ደረጃ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞችን የሚነካ ደብዳቤ ነው። እኔ የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። አንድ ሰው የደብዳቤውን ፎቶ ግሩፕ ውስጥ ለጠፈው፤ ፎቶው ጠማማ ነው፣ ማህተሙ ግማሹ ተቆርጧል። አንዱ «ፌክ ነው» አለ። ሁላችንም ፌክ ይሆናል ብለን አንድ ቀን ተኩል ተስፋ አደረግን። ከዚያ ኃላፊያችን ጠርቶ እያፈረ ነገረን። ምን ያድርግ፣ እሱም ከግሩፑ ላይ ነው ያየው።

ቁልፍ አስረከብኩ። የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለነርሷ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ የራሷ ሥራ ላይ የኔ፣ የኔ ላይ የእትዬ ተጨመረባት። ነርሷ የመንግሥት ቅጥር ስለሆነች ቀረች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ያን ወረቀት ስታየው የነበረውን ፊቷን አልረሳውም።

አሁን ወደ ቅድሚያው ጉዳይ ልምጣ። አዲሱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ መለኪያውን በሦስት ጥያቄ አስቀመጠው። የምናወጣው እያንዳንዱ ዶላር አሜሪካን ደህንነቷ የተጠበቀ ያደርጋታል ወይ? ጠንካራ ያደርጋታል ወይ? ባለጸጋ ያደርጋታል ወይ? በቃ፣ እነዚህ ናቸው። እኔ ሥራ ፈትቼ በነበርኩበት ሰሞን የራሴን ወንበር በነዚህ ጥያቄዎች ለመፈተን ሞክሬ ነበር። አንድ የሽንኩርት ጫኝ ቅዳሜ ገበያ መጥቶ መድኃኒቱን ወሰደ። አሜሪካ ጠነከረች? እንግዲህ በጣም ከተለጠጠ አዎ ይባል ይሆናል። ግን አሜሪካዊው ግብር ከፋይ ፊት ቀርቤ ይህን ተከራከር ብባል ያስቀኝ ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ተናደደ። እኔ ግን የገረመኝ ግልጽነቱ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። እርዳታ ድሮም ቢሆን የሰጪውን ቤት ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። ትንሽ ወደ ኋላ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ አስመራ ላይ ቃኘው የሚባለውን የጦር ጣቢያ ስትይዝ ለኢትዮጵያ የሚመጣው ወታደራዊ እርዳታ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1954 የምግብ እርዳታ ሕግ ሲወጣ የአሜሪካ ገበሬ የተረፈው ስንዴ ነበረው። በ1961 ኬኔዲ ዩኤስኤድን ሲያቋቁም ከሶቪየት ጋር ፉክክር ነበረበት። ደርግ ወደ ሞስኮ ሲዞር ወዳጅነቱ ተበላሸ። በ1977 ድርቅ ጊዜ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሬገን የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም ብሎ ለደርግ አገር እህል ላከ፤ ይህ በደግ ይነሳል፣ ይገባዋልም። እህሉ ግን ያኔም የአሜሪካ ገበሬ እህል ነው። ዛሬም ቢሆን የምግብ እርዳታው ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ ባንዲራ በሚሄድ መርከብ መጫን አለበት የሚል ሕግ አላቸው። ስንዴው መንዝ ከመድረሱ በፊት ካንሳስ ያለ ገበሬና የመርከብ ባለቤት ድርሻቸውን ወስደዋል።

ስለዚህ ሩቢዮ አዲስ ነገር አላመጣም። በሹክሹክታ የነበረውን ጮክ ብሎ ተናገረው።

የምግብ ነገር ከተነሳ አጎቴን ላምጣው። አጎቴ መንዝ ነው ያለው። ብርድ አገር፣ ገብስና በግ። ቤቱ ስትገቡ ግድግዳው ሥር የቆመች የዘይት ቆርቆሮ አለች፤ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ተስለውባታል፣ ሥሩ ላይ ከአሜሪካ ሕዝብ የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ዘይቱ ካለቀ ስንት ዓመቱ። አሁን በሶ ነው የሚቀመጥባት። ክዳኑን በጨርቅ አጥብቆ ያስራል፣ አይጥ እንዳይገባ። ያው አርማ ያለበት ማዳበሪያም አለ፤ በሩ ላይ ነፋስ እንዲከላከል ተቸንክሯል። የአሜሪካ ሕዝብ በአጎቴ ቤት የነፋስ መከላከያ ነው።

አጎቴ ጋ የሚያውቁት ሴፍቲኔትን ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር መንግሥት ከዓለም ባንክ፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከሌሎችም ጋር ሆኖ ነው ያቋቋመው። አሠራሩን ለማታውቁ፦ መሥራት የሚችል ሰው በወር የተወሰነ ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ የተከለለ ተራራ ላይ ችግኝ ይተክላል፤ ለዚያ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይከፈለዋል። በእህል ከሆነ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። መሥራት የማይችል፣ ያረጀ፣ የታመመ፣ ሳይሠራ ያገኛል። ችግር ሁልጊዜም ምዝገባው ላይ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን ዘመድ ገባ። በዚህ ምክንያት ጎረቤት የተኮራረፈበትን ቤት አውቃለሁ።

እርዳታው ቆመ የሚለውን ወሬ ስነግረው አጎቴ ብዙም አልደነገጠም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «እርከኑን ግን አያፈርሱትም አይደል?» አለኝ። ቀልዱን ነው። ግን ነገሩ ውስጥ ገብቷል። እርከኑ እዚያው ነው። አፈሩን ይዟል፣ ሥሩ ሣር አብቅሏል፣ ላሟ ትበላዋለች። የማንም ትእዛዝ አይነካውም።

አጎቴ ያላወቀው አንድ ነገር አለ። መንዝና ጣርማበር፣ አንኮበርም ጭምር፣ ብዙው ደጋ በልግ ነው የሚጠብቀው። የካቲት ላይ ዝናቡ ከመጣ ገብሱ ይዘራል፣ ሰኔ አካባቢ እህል አለ። ካልመጣ ክረምቱ ረጅም ነው። ይህን ዝናብ ከሳተላይት እያየ፣ የገበያ ዋጋ እየሰበሰበ፣ የት ረሃብ ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ የሚናገር ፊውስ ኔት የሚባል ተቋም አለ። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ያቋቋመውም በኛው ረሃብ ምክንያት ነው፣ የ77ቱ። መረጃውን መንግሥታችንም ረድኤት ድርጅቶችም ይጠቀሙበታል። ጥር 2017 መጨረሻ ላይ ድረ ገጹ ተዘጋ። ልክ በልግ ሊገባ ሲል። አገሪቱ የራሷ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ አላት፤ ባዶ ሜዳ ላይ አልቀረንም። ግን ሁለት ዓይን ያለው ሰው አንዱን ቢጋርዱት ርቀት ይምታታበታል። ወራት ቆይቶ ድረ ገጹ ተመለሰ። በልጉ ግን ድረ ገጽ አልጠበቀም።

እርዳታውን ያቆሙት ሰዎች ጨካኝ ብቻ አልነበሩም። ከሳምንት በኋላ ሩቢዮ «ሕይወት አድን» ለሆነ ሥራ ልዩ ፈቃድ ሰጠ፦ ምግብ፣ መድኃኒት፣ መጠለያ። ለኤች አይ ቪ ሕክምናም ቀጥሎ መጣ። ወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው። ችግሩ ፈቃዱን የሚያስፈጽሙት ሰዎች ራሳቸው ከሥራ ውጪ ተደርገዋል፣ ገንዘብ የሚለቀው ሲስተም ቆሟል። ይቀጥል የተባለውም መቀጠል አቃተው።

ከዚህም የሚብሰው ግን ትርጉሙ ነው። ሕይወት አድን ሲባል ዓይን ውስጥ የሚገባው ኩንታልና ካርቶን ነው። ክኒኑ ሕይወት አድን ነው። «ዕቃህ መጥታለች» ብሎ የሚደውለውስ? በዝርዝሩ ላይ እሱ የአስተዳደር ወጪ ነው። ማስጠንቀቂያውስ? ጥናት ነው። እኔስ? እኔ ኮምፒውተር ነኝ። ክኒኑ እኛ ጋ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ነርሷ ምስክር ናት። ሰው ያጣው ክኒን ነበር እንጂ ክኒን ሰው አላጣም ይባል የነበረው ጊዜ ተገልብጦ መጣ።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ቻይና ካምፕና ባቄሎ የሚባሉ መጠለያዎች ውስጥ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች ለዓመታት ተቀምጠዋል። እነሱ መቋረጥን የለመዱት ከ2017 በፊት ነው። ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. አሜሪካ እህሉ እየተሰረቀ ነው ብላ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታዋን አቆመች፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም አቆመ። 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እርዳታ በሚጠብቅበት አገር። ለሁሉም የተመለሰው በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ነው። ስርቆቱ እውነት ነበር፣ አትጠራጠሩ፤ የእርዳታ ስንዴ ገበያ ላይ ሲሸጥ ያላየ ማን አለ? ቅጣቱ ግን የወደቀው በሰረቀው ላይ ሳይሆን በተሰረቀበት ላይ ነው። ባቄሎ ያለች እናት የስንዴው ሌባ ማን እንደሆነ የት ታውቃለች።

መጋቢት 1 ቀን ሩቢዮ ውጤቱን ነገረን። ከዩኤስኤድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው ተሰርዘዋል። 5,200 ገደማ ኮንትራት። የቀረው ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይገባል። ልብ በሉ፣ 90 ቀኑ ገና አላለቀም፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ምኩራብ ካለፈ አንድ ቀን ነው። ፋሲካን እንኳ አልጠበቁም። ሰኔ 24 ዩኤስኤድ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ። ሐምሌ ላይ ኮንግረሱ አስቀድሞ ከፈቀደው የውጭ እርዳታ ገንዘብ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋውን መልሶ ሰረዘ።

«ሌላ ሰጪ ይመጣል» የሚል ነበር በየቢሮው። አልመጣም። የካቲት 18 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬር ስታርመር የአገራቸው እርዳታ ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2027 እንደሚወርድ አስታወቁ፤ ገንዘቡ ለመከላከያ ነው። የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስትራቸው ሴትዮ በዚሁ ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። ይህች አገር እኮ 0.7 በመቶ እሰጣለሁ ብላ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ የጻፈች ናት። ኔዘርላንድስና ጀርመንም ቀነሱ። ሁሉም ወደ ዩክሬን ድንበርና ወደ ራሱ ምርጫ ነው የሚያየው። እኔ አልፈርድባቸውም። እኔም ቤቴ ሲጨንቀኝ ዕድር ነው የምዘለው።

አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም እኔም ውስጡ ነበርኩና። የአሜሪካ ሰዎች ብዙው ገንዘብ ለደላላው ቀረ ሲሉ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ደብረ ብርሃን ሆቴሎች ውስጥ ስንት ሥልጠና ተቀምጫለሁ! ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ ተምሬ፣ በዓመቱ ያው ቅጽ ተቀይሮ እንደገና ሦስት ቀን ተምሬያለሁ። አበሉ ከደመወዜ የሚያስንቅበት ወር ነበር፤ ተቀብዬ ጫማ ገዝቻለሁ። ቦርሳም ተሰጥቶናል፣ አርማ ያለበት። እትዬ ለስልክ ካርድ በየወሩ የጠየቁት ብር ግን በጀት ውስጥ መደብ የለውም ተብሎ አንድም ቀን አልተፈቀደም።

የኛም መንግሥት ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ለ20 ዓመት ያህል ወረዳው እቅድ ሲያወጣ «ይህን ፕሮጀክቱ ይሸፍነዋል» እያለ ዓምዱን ባዶ ይተው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ግን መንግሥት ራሱ ቀጥሮ ራሱ ከፈለ። ሥራ አቁሙ ሲባል እነሱ ቤት ለቤት መሄዳቸውን ቀጠሉ። እኔ የቆምኩት እነሱ የቀጠሉት በችሎታ አይደለም። እነሱ የአገር በጀት ውስጥ መደብ አላቸው። ሰጪው ቅድሚያውን ሲቀይር ማን እንደሚወድቅ ለማወቅ የትኛው ሥራ መደብ እንዳለው ማየት በቂ ነው፤ ይህን ለማወቅ ዋሽንግተን መሄድ አያስፈልግም፣ የወረዳ ፋይናንስ ቢሮ ይበቃል።

መስከረም 2018 ላይ አሜሪካኖቹ አዲስ የዓለም አቀፍ ጤና ስትራቴጂ አወጡ። ከየአገሩ መንግሥት ጋር ቀጥታ ስምምነት፣ አገሮቹ ድርሻቸውን ከፍ እያደረጉ እንዲሄዱ። መድኃኒትና ግንባር ላይ ያለ የጤና ሠራተኛ ይቅደም፤ የአስተዳደርና የቴክኒክ ድጋፍ ወጪ ይቀነስ ይላል። ሳነበው ብዙው አሳመነኝ። ከዚያ ግንባር ላይ ያለ ማን ነው የሚለው ላይ ቆምኩ። ነርሷ ነች፣ እሺ። ላቦራቶሪው፣ እሺ። እትዬስ?

እኔ አሁን ከጓደኛዬ ጋር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ከፍቻለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ። ብዙው ማመልከቻ የሥራ ቅጥር ነው። እትዬ ገበያው ዳር ሻይና ቡና ይሸጣሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይበዛባቸዋል። ዝርዝሩ በእጃቸው የለም፣ የታካሚ ምስጢር ስለሆነ ቁልፍ ስናስረክብ አብሮ ቀርቷል፤ መሆንም ያለበት እንዲያ ነው። ግን ስልካቸው ውስጥ የተቀመጡ ቁጥሮች አሉ፣ በዕቁብ ስም፣ በሰፈር ስም።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ሄጄ ስልካቸው ጠራ። መነጽራቸውን ፈልገው አጡት፤ ሳያዩ አነሱት። «ማነህ? … እህ፣ አንተ! የት ጠፍተህ ነው?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው አዳመጡ። «ዕቃው እዚያው ነው፣ ሂድና ውሰድ። ነርሷን እኔ ላክሁህ በላት» አሉና ወደኔ ዞረው ሁለተኛውን ቀዱልኝ።